የዋይፋይ ተራ

ዘቢደር ይታያልን መጀመሪያ ያየችው ልትቆጣው ሄዳ ነው።

ከቀትር በኋላ ነበር። የካምፑ ኢንተርኔት ድንገት ቀጥ አለ። ባልና ሚስቱ ዶክተሮች ካረፉበት ድንኳን «ምን ሆነ?» የሚል ድምፅ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ሃኒ ደግሞ ላይቭ ገብታ ለተከታዮቿ ስለ ተራራው እያወራች ነበርና፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ሜዳውን ትዞረው ጀመር። ዘቢደር የራውተሩን ገጽ ከፍታ ማን እንደ ገባ አየች። ጠዋት ያልነበሩ ዕቃዎች ተደርድረዋል። የሁሉም ስም ይታያል ነው። ይታያል አንድ፣ ይታያል ሁለት፣ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።

«ሰውየው ዘመድ አዝማዱን ይዞ ነው እንዴ የመጣው?» አለችና ወደ አዲሱ እንግዳ ድንኳን ገሠገሠች።

እንግዳው ብቻውን ነበር። መሬት ላይ ተንበርክኮ የተወሳሰበ ገመድ ይፈታል። ረዘም ያለ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ ሳይወቅሱት ይቅርታ የሚል ፊት ያለው ሰው ነው።

«እንደምን ዋሉ? የካምፑ ኃላፊ ነኝ። ዘቢደር እባላለሁ።»

ብድግ ሲል የድንኳኑ ገመድ ጠለፈውና ተመልሶ በጉልበቱ ወደቀ። ዘቢደር ሳቋን ዋጠች። ልትቆጣ ነው የመጣችው።

«ይኼ ሁሉ የእርስዎ ነው?» ስልኳን አሳየችው።

«አዎ። ይቅርታ። ይኼ ስልኬ ነው። ይኼ የመሥሪያ ቤት ስልክ። ላፕቶፕ። ታብሌት። ያ ደግሞ...» ከድንኳኑ ጀርባ ወዳሉት ረጃጅም የጅብራ ዛፎች ጠቆመ፤ «ካሜራው ነው። ዕፅዋት ነው የማጠናው። ጅብራዎቹን ራሱ እያነሣ ራሱ ይልካል።»

«ለማን ይልካል?»

«ለኔ።»

«እርስዎ እዚሁ ተቀምጠው?»

«እ... ወደ ላይ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል።»

ዘቢደር ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «አቶ ይታያል፣ እዚህ ካምፕ ያለችው አንዲት ሲም ካርድ ናት። እርስዎ አንድ ሰው ከሆኑ አንድ ዕቃ ይበቃዎታል። የቀሩትን ይንቀሉልኝ።»

«አሁኑኑ» አለ። ካሜራውን ሊያጠፋ ሲሄድ ያው ገመድ እንደገና ጠለፈው።

ስለዚህ ኢንተርኔት ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ዘቢደርን ግልፍተኛ ትሏታላችሁ። ካምፑ ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ፣ አንዲት ምግብ ቤት፣ አንዲት የመመዝገቢያ ክፍል፣ በቃ። ኔትወርክ መሬት ላይ የለም። አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ ግን አለ፤ ራውተሩም በፌስታል ተጠቅልሎ እዚያ ተሰቅሏል። ለአንድ ሰው ይበቃል። ለሁለት ሰው ያቃስታል። እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ስልክ ይዞ፣ ላፕቶፕ ይዞ፣ ኢንተርኔት የሚበላ ሰዓት እጁ ላይ አሥሮ ይመጣል። ከከተማ ሸሽተን መጣን ይላሉ፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ ፓስወርድ ይጠይቃሉ። የአንዱ ላፕቶፕ ማንም ሳያዘው አፕዴት ይጀምራል፣ የሁሉም ነገር ይቆማል። «ማነው የጎተተው?» ይባላል። ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይላል። ከዚያ ሁሉም ዘቢደርን ያያል።

ነገሩን የፈቱት አባቷ ናቸው። አቶ ያለው የካምፑ ጥበቃ ከመሆናቸው በፊት ለብዙ ዓመት የቀበሌው የውሃ አባት ነበሩ። በበጋ የመስኖ ውሃ ስታንስ ለማን መቼ እንደምትለቀቅ የሚወስነው፣ ቦይ ሰብሮ የጠለፈውን የሚቀጣው ሰው የውሃ አባት ይባላል። አንድ ቀን ዱላቸውን ተደግፈው የእንግዶቹን ጭቅጭቅ ሲያዳምጡ ቆዩና ልጃቸውን ጠሯት።

«አንች ልጅ፣ ይኸ ነገር ሁሉም ባንዴ ሲከፍት ለማንም አይደርስም?»

«አይደርስም አባየ።»

«አንዱ ሲዘጋ ለሌላው ይፈስሳል?»

«እ... አዎ።»

«እንግዲያማ ውሃ ነው» አሉና ከኪሳቸው ፊሽካ አወጡ።

ከዚያ ወዲህ በተራ ሆነ። አቶ ያለው ፊሽካ ይነፋሉ፤ ዘቢደር እንጨቱ ሥር ቆማ በስልኳ ለአንዱ ትከፍታለች፣ ለሌላው ትዘጋለች። «ለዶክተሩ ልቀቂለት። ሃኒ ጠግባለች፣ ዝጊባት» ይላሉ። ውጭ አገር የተመላለሱ ሰዎች በፊሽካ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ጭቅጭቁም ቀረ። የሚገርመው ግን ዘቢደር ከበፊቱ ይልቅ መበሸቋ ነው። የውሃ አባት ቤተሰብ መጨረሻ ነው የሚጠጣው፤ አባቷ ከዚህ ሥርዓት ዝንፍ አይሉም። እሷ ደግሞ በኢንተርኔት ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። ተራው እሷ ጋ ሲደርስ ትምህርቱ ሊያልቅ ይቃረባል። መምህሯም አፋቸውን እንደ ከፈቱ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ይቀራሉ።

ይታያል አንድ ቀን ከኋላዋ መጥቶ ይህንኑ አየ።

«ምን እያሉ ነው?»

«ማን?»

«መምህሩ። አፋቸውን ከፍተው ቀሩ'ኮ።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨርሱ እየታገሉ ነው።»

ሳቀ። ዘቢደር አልሳቀችም። ትንሽ ቆይታ ግን እሷንም ሳቅ አመለጣት።

«ፈተና መቼ ነው?»

«ከገና በፊት። እንዲህ ከቀጠለ መውደቄ ነው፤ ከወደቅሁ ደግሞ ሁለተኛ አልሞክረውም።»

እሱም ለማንም እንደሚባል ነገር፣ ቀለል አድርጎ፣ «የኔን ተራ ውሰጂው» አላት። አንቺ ማለት የጀመረው ያኔ ነው።

«ሥራህስ?»

«ጅብራ ለማደግ አይቸኩልም። እኔም አልቸኩልም።»

በማግሥቱ ተራው ሲደርስ አቶ ያለው ዘንድ ቀረበ። ዘቢደር እዚያው እንጨቱ ሥር ነበረች።

«ጋሼ ያለው፣ የኔን ተራ ለዘቢደር ይስጡልኝ።»

ሽማግሌው ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ።

«ለዘቢደር? ለዛሬ ነው?»

«የለም። እስከምሄድ ድረስ።»

ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «አስበህበታል?»

«ምን ማሰብ ያስፈልገዋል ጋሼ? ደስ ብሎኝ ነው።»

«ሰው አለህ?»

«ቤተሰቦቼ ሉማሜ ናቸው። አባቴ አበባው ይባላል። ገበሬ ነው።»

«መስኖ አላችሁ?»

«የለንም። ጤፋችን በዝናብ ነው።»

አቶ ያለው ይኸኛውን መልስ ልብ ቢሉት ኖሮ ሁሉም ነገር በቀረ። እሳቸው ግን ከዚያ በፊት የተባለውን ብቻ ነው የሰሙት። «ደግ» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልቀቂ ዘቢደር። ለራስሽ ልቀቂ።»

ዘቢደር በበኩሏ የአባቷ ጥያቄ በመርዘሙ ተናደደች። ትምህርቱ ጀምሯል።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቷ ሌላ ሰው ሆኑ። የማንንም እንግዳ ሻንጣ የማይነኩት ሰውዬ የይታያልን ቦርሳ ከትከሻው ይቀበሉታል። ድንኳኑን ነፋስ ወደማያገኘው ቦታ አዛወሩለት። አንድ ከሰዓት ደግሞ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አያት ቅድመ አያቱን ያስቆጥሩት ጀመር። ይታያልም፣ ጨዋ ነውና፣ ይህ የአካባቢው እንግዳ አቀባበል መስሎት በጣቱ እያጠፈ ቆጠረላቸው። ሰባት ቤት ሲደርስ አቶ ያለው «ተመስገን፣ አንገናኝም» አሉ። «ምን ማለታቸው ነው?» አለ ይታያል ለዘቢደር። «እኔ እንጃ፣ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋል መሰል» አለችው፤ ፈተና አለባት።

እሷ ስትማር እሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ቅጠል በጋዜጣ መሀል እያስተኛ ስም ይለጥፋል። ትምህርቱ ሲያልቅ ያወራሉ።

«ይኼ ጅብራ አበባ ሊያወጣ ስንት ዘመን ይጠብቃል መሰለሽ።»

«ከዚያስ?»

«አንዴ ያብብና ይሞታል።»

«ምን ዓይነት የማይረባ ዛፍ ነው» አለች ዘቢደር። ሳቀ። ቀና ብላ ስታየው እያያት ነበር። ዓይኑን አልነቀለም፤ እሷም አልነቀለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሱን ተራ የምትጠብቀው ለትምህርቱ ብቻ እንዳልሆነ ልቧ ያውቃል። ደግሞም ያናድዳታል። ጭንቀት አነሰኝ እንዴ፣ ትላለች።

ነገሩን ያፈነዳችው የብርጓል ናት፤ የካምፑ ምግብ አብሳይ።

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ለምኑ?»

«ኧረ ተይ፣ እኔን ትደብቂኛለሽ? አባትሽ ቄስ ኪዳነ ማርያምን ሽማግሌ ሲመጣ አብረውኝ ይቀመጡ ብለው ለምነዋል። ጋቢያቸውን እጠቢልኝ ብለው እኔ ነኝ ያጠብኩት። ልጁ ተራውን ሰጥቶሽ የለም?»

ዘቢደር የያዘችውን ድንች ቅርጫት ቀስ ብላ አስቀመጠች። አሁን ገባት። በእነሱ ቀበሌ ያላገባ ወንድ የመስኖ ተራውን ለአንዲት ልጅ ቤት ከሰጠ፣ ልጅቷን እፈልጋለሁ ማለቱ ነው። አፍ አውጥቶ አይናገርም። ድንች በሚጠወልግበት በጋ የራሱን ማሳ አስጠምቶ የሰውን የሚያጠጣ ሌላ ምን ምክንያት አለው? ከዚያ ሽማግሌ ይከተላል። የዘቢደር እናትም እንዲሁ ነው የተጠየቀችው። የአገሩ ልጅ ሆና እንዴት አላየችውም? ቦይና ዋይፋይ አእምሮዋ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም፤ አባቷ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነው ብለዋል።

ሮጣ አባቷን ጥበቃ ቤት አገኘቻቸው።

«አባየ፣ ምን ማድረግዎ ነው? ኢንተርኔት'ኮ ነው።»

«ኢንተርኔት ያልቃል አላልሽኝም?»

«ያልቃል።»

«ሰዉ ሁሉ አይጣላበትም?»

«ይጣላበታል።»

«ሰው የሚጣላበትን፣ የሚያልቀውን ነገር፣ ሥራውን አስቁሞ ለአንች የሰጠ ወንድ ምን ማለቱ ነው? አንች ንገሪኝ እንጅ።»

ይህ ነው ያበገናት። የአባቷ ነገር ስሕተት ነው፣ ግን ከየት በኩል እንደሚሳሳት ማግኘት አቃታት።

ይታያልን ጅብራዎቹ መሀል አገኘችው። እየተናደደች፣ እያፈረች፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ልቧ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር ተስፋ እያደረገች ነበር። ሰማትና ሳቀ።

ጮክ ያለ ሳቅ አልነበረም። ለዘቢደር ግን በቃት።

«እኔ'ኮ... እንዲያ ብዬ አላሰብኩም» አለ።

«አውቃለሁ። ከአባቴ በቀር ማንም አላሰበም።»

«ዘቢደር...»

«ምንም አይደል። ብቻ ለእሳቸው እንዳትነግራቸው። እኔ በዘዴ እነግራቸዋለሁ።»

ይታያል ግን ቅን ሰው ነው። ቅን ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ሰው ይብሳል። ራሴ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ በእሑድ፣ አቶ ያለው የታጠበውን ጋቢ ለብሰው ከቄስ ኪዳነ ማርያም ጋር ሽማግሌ ሲጠብቁ፣ ብቻውን ደጃፍ ላይ ከች አለ።

አቶ ያለው ብድግ አሉ። በእሱ ትከሻ በኩል አሻግረው ወደ መንገዱ ያያሉ።

«ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ ሰዎች ጋሼ?»

ዘቢደር ከጓዳ ሆና መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ይታያል አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም አስረዳ። የአገሩን ልማድ አላውቅም ነበር፣ ትምህርቷን እንድትማር ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር አልነበረበትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለ።

«ኢንተርኔት ብቻ?» አሉ አቶ ያለው።

«ኢንተርኔት ብቻ ጋሼ።»

«ደግ። ምን ይቅርታ አለው፣ ያገርህ ሥርዓት አይደለም» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ማጠፍ ጀመሩ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ወደ ሌላ ቦታ አዩ። ዘቢደር በዚያች ሰዓት ሁለቱንም ወንዶች፣ አንዱን በየዋህነቱ ሌላውን በቅንነቱ፣ አንጠልጥላ ብታራግፋቸው ደስ ባላት።

ከማግሥቱ ጀምሮ አቶ ያለው እንጨቱ ሥር አልመጡም። ፊሽካ ቀረ፣ ተራ ቀረ። ዶክተሩ ፊልም ያወርዳል። ሃኒ «ተከታዮቼ ሞተች ብለው ሊያለቅሱ ነው» እያለች ትነጫነጫለች። ሁሉም ዘቢደርን ይጠራል። እሷ ለአንዱ ስትከፍት ሌላው ይጮሃል፣ ስትዘጋ የተዘጋበት ይጮሃል። ትምህርቷን መከታተል ተወች። ይታያል ከሩቅ ያያታል፣ ሊቀርባት ይነሣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህም ያናድዳታል።

አባቷን ድንች ማሳው ዳር፣ ቦዩን ሲጠርጉ አገኘቻቸው።

«አባየ፣ ተቀየሙኝ?»

«አንችን? ምን አድርገሽኝ።»

«ታዲያ ለምን አይመጡም? ሰው ሊበላኝ ነው።»

አካፋውን ተከሉና ተደገፉት። «ባሕር ዳር ሥራ ያገኘሽ ጊዜ ለምን ቀረሽ?»

ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። «ከተማው ይሞቃል። አልተስማማኝም።»

«ሳትሄጅ ነው የሞቀሽ?»

አጎንብሳ ከቦዩ አንድ ድንጋይ አወጣች።

«የቀበሌው መምህር ልጅ ሲጠይቅሽስ?»

«አልወደድኩትማ።»

«የቁይ ከተማው ነጋዴስ?»

«አባየ፣ ይተዉኝ።»

«እተውሻለሁ። ግን ልንገርሽ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ የመጣልሽን ሁሉ የመለስሽ በኔ ምክንያት ነው። አታወሪውም፣ እኔም አላወራውም። ማታ ማታ እራቴን አቅርበሽ ስትቀመጭ አይሻለሁ፤ ዕድሜዋን እየበላሁት ነው እላለሁ። ያ ልጅ ተራውን ሲሰጥሽ ልቤ ዘለለ። ደስታው አሳወረኝ እንጅ፣ የሉማሜ ሰው ቦይ እንደማያውቅ ጠፍቶኝ ነው?»

ዘቢደር ልትመልስ አፏን ከፈተችና እንባዋ ቀደማት። «ሊያባርሩኝ ነዋ» አለች።

«ማባረሩን ብችልበትማ መች እስካሁን» አሉ አቶ ያለው። እሳቸውም ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ከዚያ አካፋቸውን አነሡ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ይታያል የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ዕቃውን ጭኖ እንጨቱ ሥር መጣ። ዘቢደር ስልኳ ላይ እንዳቀረቀረች፣ ቀና ሳትል፣ «መልካም ጉዞ» አለችው።

«ዕቃዎቼን ሁሉ አጥፍቻለሁ። ከእሑድ ጀምሮ አንዱንም አልከፈትኩም።»

«ለዚህ ላመስግንህ?»

«አይ። ያን ቀን ለምን እንደ ሳቅኩ ልነግርሽ ነው።»

«አልጠየቅሁህም።»

«ደንግጬ ነው ዘቢደር። ተራዬን የሰጠሁሽ እንድትማሪ ነበር፤ ውሸት አይደለም። ግን አንድ ቀን ትምህርትሽ አልቆ ስትሄጂ፣ ቅጠሉን ገልብጬ ለጥፌው አገኘሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ቅጠል አላይም ነበር። ለራሴ ሳልነግረው አንቺ መጥተሽ 'አባቴ እንዲህ አሰቡ' ስትዪኝ... ሰው ልቤን ከፍቶ አይቶ የነገረኝ መሰለኝ። አፈርኩ። ሳቅኩ። ከዚያ ሄጄ ጋሼን አሳፈርኳቸው። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ለእሳቸው 'ኢንተርኔት ብቻ' ያልኩት ነው። ውሸቴን ነበር።»

ዘቢደር አሁን ቀና አለች። የመጀመሪያው ስሜቷ ደስታ መሆን ነበረበት፤ መጀመሪያ የመጣላት ግን ንዴት ነው።

«እና ይኼን ሁሉ መኪናህን አስነሥተህ ነው የምትነግረኝ?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔስ? እኔ ምን ልሁን? አባቴ ጋቢያቸውን ሲያጥፉ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ላድርግ ዘቢደር? ንገሪኝ፣ አደርጋለሁ።»

«ደብረ ማርቆስ ነው የምትሠራው?»

«ማርቆስ።»

«አባቴን ጥዬ የትም አልርቅም። ቅዳሜና እሑድ እዚህ ነው የማሳልፈው።»

«እዚህ ነው የምናሳልፈው» አለ።

ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች፣ ፈገግታዋን እንዳያይ። «ለኔ ነግረኸኛል፣ ሰማሁ። አሁን ሂድና ሰው ላክ። መቼ እንደሚመጡ ደግሞ አስቀድመህ አሳውቀኝ፤ አባቴ ሁለተኛ እንዲያፍሩ አልፈልግም።»

«አሳውቅሻለሁ» አለ። ሲዞር እግሩን ምንም አልጠለፈውም፤ ራሱ ግን ተደናቀፈ።

ሄደ። ዘቢደር ጠበቀች። ለአባቷ ምንም አልነገረችም፤ ካልመጡስ? አንድ ሳምንት አለፈ፣ ምንም የለም። ስልኳን እያነሣች ታያለች። አንዴ ተናዳ «ቅን ነኝ ባይ» ትላለች፤ አንዴ ደግሞ መንገድ ላይ ምን ደረሰበት ብላ ትፈራለች። በዚህ መሀል ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ለጉብኝት መጥተው ካምፑን ሞሉት። ሃያውም ስልክ አለው። አንዳንዱ ሁለት አለው። ኢንተርኔቷ ጭራሽ ጠፋች፤ አለች እየተባለ የለችም። ዶክተሮቹ ተማሪዎቹን ይከስሳሉ፣ ተማሪዎቹ ሃኒን ይከስሳሉ።

እሑድ ረፋድ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ። እንጨቱ ሥር ቆመችና ስልኳን ከፈተች። አንድ በአንድ ሳይሆን ሁሉንም ዘጋች። ሜዳው ላይ ጫጫታ ተነሣ።

«ምን ሆነ? ማነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዘቢደር፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ካምፑ ከተከፈተ ጀምሮ ለሁላችሁም ስከፍት ኖሬአለሁ። አሁን እኔ ልጠቀም ነው። የቸኮለ ተራራውን ይይ፤ ለእሱ ነው የመጣችሁት።»

ወዲያው ስልኳ ይንጫጫ ጀመር። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ የቀረ መልእክት ባንዴ ወረደ። ሁሉም ከይታያል ነው።

«አባቴ ደስ ብሎታል።» «ለምን አትመልሺልኝም?» «ስልክሽ አይሠራም። ለካ የካምፑን ኢንተርኔት ረስቼው ነው። ማነው ፊልም የሚያወርደው?» «ዘቢደር፣ ተቆጥተሽ ነው?» የመጨረሻው ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ሲጠብቃት የነበረ ነው። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ለጋሼ ንገሪያቸው።»

እሑድ ዛሬ ነው። ቅዳሴው ካበቃ ቆይቷል።

ዘቢደር ቁልቁል ሮጠች። እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። ቤት ስትደርስ ግን ዘግይታለች። ከሮብ ገበያ በኩል የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን ጭቃ በልቶት፣ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አቶ ያለው ቦይ ሲጠርጉ የለበሱትን ቁምጣ እንደ ለበሱ፣ አካፋ እንደ ያዙ፣ ፊት ለፊታቸው ቆመዋል። ጋቢውም የለ፣ ቄሱም የሉ፣ የተዘጋጀ ነገርም የለ። ዘቢደር በጓሮ ዞራ ጓዳ ገባች።

«ግቡ» አሉ አቶ ያለው። «ቁጭ በሉ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ታረቀኝ የተባሉት፣ የሉማሜዎቹ ታላቅ። «ጉዳይ አለን። ጉዳያችን ሳይሰማ መቀመጥ የለም።»

«ከየት ናችሁ?»

«ከሉማሜ። አቶ አበባው ልኮን ነው የመጣን። ልጁ ይታያል እዚህ ሰንብቶ...»

አካፋው ከአቶ ያለው እጅ ወደቀ።

አቶ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወጉን ሊቀጥሉ ተነፈሱ። ለዚህ ቀን ያዘጋጁት ረጅም ንግግር ነበራቸው። ከልጁ ጠባይ ጀምሮ፣ በአባቱ ዘር በኩል አልፎ፣ በልመና የሚያልቅ። የልጅቷ አባትም እንደ ወጉ «ልምከር፣ ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ ሌላ ቀን ይቀጥራቸዋል፤ እነሱም ደጅ ይጠናሉ። የተከበረ ልጅ የሚሰጠው እንዲያ ነው። ይህን ሁሉ አቶ ያለው ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ለስንቱ ሽማግሌ ሆነው ሄደዋል።

«ሰጥቻለሁ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምን አልህ?»

«ልጄን ሰጥቻለሁ። ለጥር ይሁን።»

«ቆይ እንጅ አያ ያለው» አሉ አቶ ታረቀኝ። ከመገረማቸው መከፋታቸው ይብሳል። «ይኸን ሁሉ ዳገት ወጥተን... ቢያንስ አንዴ እንኳ መልሰን። ወጉስ? እኛ እኮ ገና አልለመንንም።»

«እኔ ለምኛለሁ» አሉ አቶ ያለው። «እናቷ ከሞተች ወዲህ ስለምን ነው የከረምሁ። ተቀመጡ፣ በናታችሁ።»

አቶ ታረቀኝ ሊናገሩ የነበረውን ዋጡት። ነጠላቸውን ሰብስበው መጀመሪያ እሳቸው ተቀመጡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። ዘቢደር ማንም ሳይጠራት ከጓዳ ወጣች፤ በሽማግሌዎቹ ፊት ጎንበስ ብላ ጭቃ የነካውን የአባቷን ጉልበት ሳመች።